ባቡሩ ሲያንስ አቧራው አያንስም፦ ኤግዚቢሽን ላይ የቆመ አንድ የ1፡220 ሌይአውት

ቤት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ሳያስቸግር ሲዞር የከረመ የሞዴል ባቡር ለሁለት ቀን ኤግዚቢሽን ቀረበ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዋሻ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሐዲድ ወጣ። ከምሳ በኋላ ከሐዲድ መውጣቱ ቀርቶ መንቀጥቀጥና መቆም ጀመረ። አመሻሹ ላይ ባቡሩን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ በጣት ሳይገፉ አንድ ዙር ማስጨረስ አልተቻለም። ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ «በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው» ይልና ያልፋል።

ትንሽነቱ እውነት ነው፤ መልስ ግን አይደለም። በዚያው ስኬል (የማሳነሻ ልክ) የተሠሩ ሌሎች ሌይአውቶች ቀኑን ሙሉ ሳይቆሙ ይውላሉ። የዚህኛውን ብልሽት አንድ በአንድ ስንፈታው መነሻው ሐዲዱ ገና በወረቀት ላይ ሲሳል የተወሰነ አንድ ውሳኔ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ችግር ሁሉ የተደረበው በዚያ ላይ ነው።

የሌይአውቱ አሠራር

ሌይአውት የምንለው ሐዲዱ፣ መልክዓ ምድሩና የኤሌክትሪክ ሥራው በአንድ ገበታ ላይ ተሰናድቶ ባቡር የሚሄድበትን ሥራ ነው። የዚህኛው ገበታ 90 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ስኬሉ ዜድ ይባላል፤ የጀርመኑ ማርክሊን በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው 1፡220 ልኬት ነው። መደበኛው የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ለ220 ሲካፈል 6.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ቁመቱ 1.80 ሜትር የሆነ ሰው 8 ሚሊ ሜትር፣ 26.4 ሜትር ርዝመት ያለው የመንገደኛ ፉርጎ ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

መስመሩ ሞላላ ነው። ሁለቱ ኩርባዎች ራዲየሳቸው 195 ሚሊ ሜትር ሲሆን እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ የሚዞሩ 12 ቁራጭ ሐዲዶች ገብተውባቸዋል። ከፊትም ከኋላም 440 ሚሊ ሜትር ቀጥታ መስመር አለ። አንድ ዙር 2.1 ሜትር ገደማ ይመጣል። ከፊት ትንሽ ጣቢያና መንደር፣ በስተቀኝ ኮረብታና ዋሻ ይታያል። ከጀርባ ሥዕሉ ኋላ ተመልካች የማያየው ማቆያ አለ፤ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ሁለት መቀየሪያዎች ያሉት ባለ ሁለት መስመር ነው። ሐሳቡ አንዱ ባቡር ሲዞር ሌላው ተደብቆ ተራውን እንዲጠብቅ ነበር።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚህ ስኬል በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት አንድ ዙር 21 ሰከንድ ነው። ኤግዚቢሽኑ በቀን 7 ሰዓት ክፍት ስለነበር ሳያቋርጥ ቢዞር 1200 ዙር፣ 2.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት የሚሮጥ ባቡር ይህን ርቀት የሚጨርሰው በሁለት ሳምንት ነው፤ ያውም በየምሽቱ መሐል ሐዲዱ እየተጠረገ። ቤት የሚደረግ ሙከራ የሚያታልለው ለዚህ ነው። ለኤግዚቢሽን የተሠራ ሌይአውት የሚፈተነው ሳይነካና ሳይጠረግ ሙሉ 7 ሰዓት ሲሮጥ ነው። ይህ ፈተና ከመንገዱ በፊት ተደርጎ ቢሆን ከችግሮቹ ግማሹ እዚያው ቤት ይታይ ነበር።

አብሮ የማያንሰው

ሞዴል ሲያንስ ርዝመቱ በስኬሉ ልክ ያንሳል፤ ክብደቱ ግን በርዝመቱ፣ በስፋቱም በከፍታውም ስለሚቀንስ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። በሰፊው የተለመደው ኤች ኦ ስኬል 1፡87 ነው። ከሱ ወደ ዜድ ሲወረድ ርዝመቱ በ2.5 እጥፍ ያንሳል፤ ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠራ ሎኮሞቲቭ ክብደት ግን በ16 እጥፍ። ጎማው ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሐዲዱን በተጫነው ልክ ነው። ኤች ኦ ላይ ሎኮሞቲቩ በክብደቱ ጨፍልቆ የሚያልፈው ስስ የቆሻሻ ንጣፍ ዜድ ላይ መከላከያ ቀለም እንደተቀባ ሁሉ ኤሌክትሪኩን ይዘጋል።

ቆሻሻው ግን አላነሰም። የአዳራሹ ምንጣፍ የሚያወጣው ክር ያው ክር ነው፤ የጣት ቅባቱም፣ የሰው ትንፋሽም፣ የሌሊቱ ብርድም እንዲሁ። በዚህ ዓለም ውስጥ አንዲት የራስ ጸጉር 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ገመድ ናት። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች የጠጠር ፍሬ ሐዲድ ላይ ስታርፍ ባቡሩ የሚገጥመው 11 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ነው። ሠሪው በትንሽ ዓለም ቢያስብም ሌይአውቱ የሚኖረው በእኛ ዓለም ነው። በ1፡450 የሚሠራው ቲ ስኬል ሐዲዱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እዚያ ክብደት ጨርሶ አይበቃም፤ ሎኮሞቲቩ የብረት ሐዲዱን የሚይዘው በማግኔት ጎማ ነው።

ሰዓቱ የሰጠው ፍንጭ

መጀመሪያ የተሠራው ስሕተት ምልክቶቹን ሁሉ አንድ በሽታ አድርጎ ማየቱ ነው። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ሐዲዱ በአልኮል ይጠረጋል፤ ለአሥር ደቂቃ ይሻለዋል፤ ተመልሶ ይቆማል። ማታ ላይ ብልሽቶቹ በየሰዓቱ የተጻፉበት ማስታወሻ ሲታይ ግን ጠዋት የታየው ከሐዲድ መውጣት፣ ከሰዓት የታየው የኤሌክትሪክ መቋረጥ እንደሆነ ታወቀ። ሁለቱም የደረሱት ዋሻው አካባቢ ነው። በሰዓት የሚለያይ ብልሽት ከአቧራ በፊት ሙቀትን ያስጠረጥራል።

ገበታው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም ነው፤ ቀላል በሆነ የእንጨት ፍሬም ውስጥ ጠርዙ ብቻ በኮላ ተይዟል። ሐዲዱ ኒኬል ሲልቨር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ከፎሙ ጋር በቀጥታ ተጣብቋል። ፎም በሙቀት የሚለጠጠው ከሐዲዱ አራት እጥፍ ገደማ ነው። በ15 ዲግሪ ልዩነት 90 ሴንቲ ሜትር ፎም 0.9 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ሐዲዱ 0.23 ሚሊ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል። በመሐል የቀረው 0.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም።

ሐዲዱ የተነጠፈው በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቆ፣ ምንም ክፍተት ሳይተው ነው። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረው ፎም በብርዱ ተኮማተረ፤ ሐዲዱ ግን ያን ያህል ስላልተኮማተረ ተጨናነቀ። የተገፋ ሐዲድ የሚታጠፈው በደካማው በኩል ነውና ዋሻው ውስጥ ያለ አንድ መጋጠሚያ ወደ ጎን ሹል ሠራ። ሹሉ ለዓይን አይታይም፤ ትንሽ የኪስ መስታወት ከሐዲዱ ከፍታ እኩል ተይዞ በርዝመቱ ሲታይ ነው የተገኘው። የጠዋቱ ባቡር ከሐዲድ የወጣው እዚህ ላይ ነው።

ከሰዓት ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። መብራቱ ከኮረብታው በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ፣ ብዙ ሙቀት የሚያወጣ ሃሎጅን አምፖል ነበር። ከሥሩ ያለው ፎም እየሞቀ ሲለጠጥ መጋጠሚያዎቹን ሳባቸው። ሹሉ ተቃና፤ ባቡሩም ከሐዲድ መውጣቱን ተወ። ግን ሐዲዱን ከሐዲድ የሚያያይዘው ትንሹ ብረት ላላ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ደግሞ በዚያ ብረት ብቻ ነበር።

ያለ ጭነት የሚለካ ቮልት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ባቡሩ በሚቆምበት ቦታ ሐዲዱ መልቲሜትር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ሲለካ ሙሉ 8 ቮልት አሳየ። ከዚህ ተነሥቶ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ሞተሩ ነው የተበላሸው» ተባለና ሎኮሞቲቩ ያለ ጥፋቱ ተፈታ። መልቲሜትር ግን ከሐዲዱ የሚስበው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። ጅረት ካልሄደ በላላ መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም፤ ስለዚህ በአንድ ጭረት የተያያዘ ሐዲድም ሙሉ ቮልት ያሳያል።

የሚያዋጣው እንደ ሎኮሞቲቩ ጅረት የሚስብ ነገር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጭነት፣ ሐዲዱ ላይ አድርጎ መለካት ነው። 47 ኦም፣ 3 ዋት ሬዚስተር (የጅረትን መጠን የሚገድብ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) በ8 ቮልት ወደ 0.17 አምፔር ይስባል፤ የአንድ ዜድ ሞተር ያህል ነው። ዋቱ ከዚያ ካነሰ ሬዚስተሩ ጣት ያቃጥላል። ሬዚስተሩ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ተደርጎ ሲለካ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት ጣቢያ 8 ቮልት፣ ዋሻው ውስጥ 6.1 ቮልት ተገኘ። 1.9 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ሲሰላ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጅረቱን የሚያግድ ወደ 15 ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ አለ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ይህ የመቆሚያ ቁጥር ነው።

ሌይአውቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ከዚያ እስከ ዋሻው ጅረቱ በአንድ በኩል 8 መጋጠሚያ፣ በሌላው በኩል 9 መጋጠሚያ ማለፍ ነበረበት። የሐዲድ ማያያዣ ሐዲድን ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ ነው የተሠራው፤ ጅረት ማሳለፉ አዲስ እያለ የሚሰጠው ተጨማሪ ነገር ነው። ኮላና ቀለም ከገባበት፣ መኪና ላይ ከተንቀጠቀጠ በኋላ እሱን ማመን አይገባም።

የጽዳቱ ጉዳይ

ይህ ሁሉ ተገኝቶም አቧራው ነጻ አልወጣም። ሎኮሞቲቩ ተገልብጦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጎማዎቹን በሚያያይዙት ዘንጎች፣ አክስሎቹ ላይ ሦስት ነገር ተጠምጥሞ ተገኘ፦ የምንጣፍ ክር፣ የሰው ሠራሽ ሣር ጭረት፣ ሁለቱንም ያጣበቀ ዘይት። ዘይቱ ለኤግዚቢሽን ተብሎ ከአንድ ቀን በፊት በብዛት የተጨመረ ነው። ዜድ ሎኮሞቲቭ ላይ ጠብታ የሚባለው በመርፌ ጫፍ ተነክሮ የሚወጣው ነው፤ ከጠርሙስ አፍ የወረደ አንድ ጠብታ አምስት ሎኮሞቲቭ ያበላሻል። የተረፈው ዘይት ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ሐዲዱ ይወርድና ሐዲዱ ላይ ጥቁር ንጣፍ ይሠራል።

ጣቢያው አጠገብ ባለ ሐዲድ ውስጠኛ ጎን ደግሞ የጠጠር ፍሬዎች ተጣብቀው ነበር። የእውነተኛ ሐዲድ ጠጠር ከ31.5 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1፡220 ከ0.14 እስከ 0.23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ የተነሰነሰው ግን ለሌላ ስኬል የተዘጋጀና ከዚያ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ዓይን ላይ የድንጋይ ክምር ይመስላል፤ በሐዲዱ ውስጠኛ ጎን የተጣበቀች አንዲት ፍሬ ደግሞ የጎማውን ከንፈር (ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጠርዝ) አንሥታ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። ጠጠሩ በደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ፣ ማግኔት ሁለት ሦስቴ ካለፈበት በኋላ ነው መነስነስ ያለበት። የተፈጥሮ አሸዋ ብረት ያዘለ ፍሬ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ፍሬ ሐዲዱ ላይ አይቀመጥም፣ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ማግኔት ይሄዳል።

ሥር የያዘው ችግር

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተስተካክለውም ሎኮሞቲቩ ማቆያው መቀየሪያ ላይ አልፎ አልፎ ይንገጫገጭ ነበር። ምክንያቱ ሲታሰብ የመጣው መልስ በወረቀት ላይ የተሳለውን የሐዲድ ንድፍ ስሕተት ገለጠ።

ከኋላ ያለው ቀጥታ 440 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ መቀየሪያ 110 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ 220ውን ይበላሉ። ከቀረው ላይ ሁለቱ መስመሮች ባቡር ለባቡር እንዳይነካካ የሚራራቁበት ሲቀነስ ለአንድ ባቡር የሚተርፈው ወደ 180 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ውስጥ የሚገባ ባቡር አንድ አጭር ሎኮሞቲቭና ሁለት ሦስት አጫጭር ፉርጎ ነው። አጭር ሎኮሞቲቭ ማለት ባለ ሦስት አክስል፤ በአንድ ጎን ሦስት ጎማ ብቻ። ኩርባ ላይ ወይም ትንሽ ወጣ ገባ ላይ ሁለቱ ብቻ ሐዲድ ይነካሉ። ከሁለቱ አንዱ የመቀየሪያው ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ፣ ሌላው አቧራ ሲያገኝ ባቡሩ ይቆማል።

ስለዚህ የተደበቀው ማቆያ ባቡሩን አሳጠረ፤ የባቡሩ ማጠር ሎኮሞቲቩን አሳነሰ፤ የሎኮሞቲቩ ማነስ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበትን ጎማ ቀነሰ። ሁለት ባቡር ለመደበቅ ተብሎ በዚህ ገበታ ላይ ሊሮጥ ከሚችለው ሁሉ ደካማው ሎኮሞቲቭ ተመረጠ። ያውም ሁለቱ አስቸጋሪ ቁራጮች፣ መቀየሪያዎቹ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ተቀመጡ። በትንሽ ስኬል ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚከፋ ምርጫ ማግኘት ይከብዳል።

በአንድ ሌሊት የተደረገው

ለሁለተኛው ቀን ጊዜ የነበረው አንድ ምሽት ነው። ቅደም ተከተሉ ተጨንቆ የተመረጠ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሃሎጅኑ ወርዶ በኤልኢዲ ተተካ። ይህ አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ የከሰዓቱን መለጠጥ ግን አስቆመው። ቀጥሎ ዋሻው ውስጥ ያለው ሹል መጋጠሚያ በደቃቅ መጋዝ ተቆርጦ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተተወለት፤ የጠንካራ ካርድ ውፍረት ያህል ነው። ከመቁረጡ በፊት ዙሪያው በወረቀት ማጣበቂያ ተሸፈነ፤ ብናኙም እንዲያዝ ተደረገ። ብናኝ ሞተር ውስጥ ከገባ ሎኮሞቲቩ አበቃለት።

ከዚያ ኤሌክትሪክ ወደ ሐዲዱ የሚያስገባው የመጋቢ ሽቦ ሥራ መጣ። በሞላላው ዙሪያ በስድስት ቦታ፣ እያንዳንዱ ላይ ጥንድ ሽቦ ተበየደ። ሐዲዱ በብርጭቆ ወረቀት በአንዲት ነጥብ ተፋቀ፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ጫፉ እንደ ኤል ታጥፎ ከውጭ ጎኑ ተጠጋ፤ የጋለው ካውያ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነክቶ ተነሣ። ሁለት ሰከንድ የተባለው ከልብ ነው። ከዚያ ከበለጠ አግዳሚው ፕላስቲክ ይቀልጥና የሐዲዱ ስፋት ይለወጣል። ብየዳው ካልያዘ ካውያውን እዚያው ከማቆየት ይልቅ ተነሥቶ፣ ሐዲዱ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ተፍቆ መሞከር ይሻላል። ከሁለቱም ጎን በእርጥብ ጥጥ መክበብ ሙቀቱ እንዳይዛመት ይረዳል። ሽቦዎቹ ሁሉ ከገበታው ሥር ወደ አንድ ዋና ጥንድ ሽቦ ተሰበሰቡ፤ ቀይና ጥቁር ቀለማቸው እስከ መጨረሻው ሳይቀላቀል። በሬዚስተሩ ሲለካ ዋሻው ውስጥ 7.8 ቮልት ተገኘ።

መጨረሻ ላይ ጽዳት። ሐዲዱ በደረቅ ብሩሽና በቫኪዩም፣ ቀጥሎ ክር በማይለቅ ጨርቅና በአልኮል ተወለወለ። ሸካራ ላጲስ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ለጽዳት አይነካም፤ የሚተወው ጭረት በማግሥቱ የቆሻሻ ማደሪያ ነው። ለጎማው አልኮል የነካ ወረቀት ሐዲዱ ላይ ይዘረጋል፤ የሎኮሞቲቩ አንዱ ጫፍ ባዶ ሐዲድ ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሌላው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ይሽከረከራል። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መሥመር መተው እስኪያቆም ይደገማል። አክስሉ ላይ የተጠመጠመው ክር በወረንጦና በአጉሊ መነጽር ተለቀመ፤ ትርፉ ዘይት በስቴኪኒ ጫፍ ተጠረገ። የፉርጎዎቹም ጎማ መጽዳት አለበት፤ ሎኮሞቲቩ ብቻ ጸድቶ ቆሻሻ ፉርጎ ቢጎትት ያንኑ ቆሻሻ ሐዲዱ ላይ መልሶ ይቀባል።

በሁለተኛው ቀን በየሁለት ሰዓቱ የሦስት ደቂቃ ጽዳት ተመደበ፤ ሁለት ሎኮሞቲቭ በየግማሽ ሰዓቱ ተፈራረቁ። ዋሻው ውስጥ አንዴም አልቆመም። መቀየሪያው ላይ ግን መንገጫገጩ አልቀረም፤ ከሐዲዱ ንድፍ የመጣ በሽታ በሌሊት ሥራ አይድንም።

እንደገና የተሠራው

ከኤግዚቢሽኑ በኋላ የኋላው ክፍል ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ሁለቱም መቀየሪያዎች ወጡ። በ440 ሚሊ ሜትሩ ቀጥታ ፋንታ ተነቃይ ካሴት ገባ፦ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ላይ አንድ ቀጥታ ሐዲድ፣ በሁለቱም ጎን ባቡር ተንሸራቶ እንዳይወድቅ 15 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ። ሦስት ካሴት ተሠራ። አንዱ ቦታው ላይ ሆኖ የመስመሩ አካል ሲሆን ሁለቱ ባቡር እንደጫኑ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃሉ። ባቡር ሲቀየር ካሴቱ ከነባቡሩ ተነሥቶ ሌላው ይገባል፤ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም፤ ባቡሩንም እጅ አይነካውም።

ካሴቱን የሚያስቸግረው ጫፉ ነው። ሐዲድ ለሐዲድ 0.2 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ በእውነተኛው ዓለም 4.4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ምንም ባቡር አይምረውም። ስለዚህ በየጫፉ ጥንድ የነሐስ ፒንና ቀለበት ገባ። መጀመሪያ ፒኖቹ ገጥመው እንዲቆለፉ ይደረጋል፤ ሐዲዱ መገጣጠሚያውን ተሻግሮ እንደ አንድ ቁራጭ ይነጠፋል፤ ጫፎቹ መዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ይበየዳሉ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በመጋዝ ይቆረጣል። ሁለቱን ለየብቻ አንጥፎ በኋላ ለማጋጠም መሞከር ተሞክሮ አያውቅም ወይ ቢባል ተሞክሯል፤ አልተሳካም። መዳቡ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በሞረድ ካልተቆረጠ ደግሞ ሾርት ያደርጋል።

ትርፉ የታየው ወዲያው ነው። ማቆያው ከ180 ወደ 440 ስለረዘመ ባለ አራት አክስል ሎኮሞቲቭ ከሁለት ሙሉ ፉርጎ ጋር ገባ። በአንድ ጎን አራት ጎማ፣ ለብቻቸው በሚዞሩ ሁለት የጎማ ማቀፊያዎች (ቦጂ) ላይ ተዘርግቶ፤ አንዱ ጎማ ቢሳሳት ሌሎቹ ይሸከሙለታል። ጽዳቱ እንደ ነበረ ሆኖ መቆሙ ቀረ።

ገበታውም ተለወጠ። ፎሙ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሙሉ ገጽታው ተጣበቀ፤ ሐዲዱ አሁን የሚያርፈው ፎሙን ሳይነካ እዚያ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጎን አንድ የ0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተተወ፤ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የየራሱ መጋቢ ሽቦ ስላለ ክፍተቱ ኤሌክትሪክ አይቆርጥም። ዋሻው ከኋላ ተከፍቶ እጅ የሚያስገባ መስኮት ወጣለት። ይህ መስኮት ከመጀመሪያው ያልነበረበት ምክንያት አይታወቅም፤ ባቡር የሚገባበት ቦታ ሁሉ እጅ ሊገባበት ይገባል።

ለሚያየው ሰው

ሌይአውቱ መጀመሪያ የቀረበው 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አዋቂ ሰው ከዚያ ላይ የሚያየው ጣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎንበስ ይላል፣ ይጠጋል፣ ያወራል፣ ትንፋሹም ሐዲዱ ላይ ይወርዳል። 8 ሚሊ ሜትር ሰው ለማየት 30 ሴንቲ ሜትር መጠጋት ግድ ነው፤ ተመልካቹ ጥፋት የለበትም። አሁን እግሮቹ ገበታውን 125 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆሙታል። ሰው ቆሞ፣ ጣቢያው ላይ እንደቆመ መንገደኛ በጎን ያየዋል፤ ለሕፃናት ፊቱ ጠንካራ መቆሚያ ይቀመጣል። ከፊት 3 ሚሊ ሜትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ፕሌክሲግላስ ቆሟል። ትንፋሽንም ጣትንም ያግዳል፤ የሚያበራው ብርሃን ከላይና ከውስጥ ስለሆነ ነጸብራቅ አያስቸግርም። ኤልኢዲው የብርሃን ቀለሙ 4000 ኬልቪን ሲሆን ከላይኛው ክፈፍ ኋላ ተደብቋል። ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ ከ90 በላይ የሆነ ካልተመረጠ አረንጓዴው ሁሉ አመድ ይመስላል።

ሣሩ ላይም አንድ እርማት ተደርጓል። ተነስንሶ የነበረው 2 ሚሊ ሜትር ጭረት በዚህ ስኬል 44 ሴንቲ ሜትር ሣር ነው፤ ጣቢያው የተተወ አስመስሎት ነበር። በ1 ሚሊ ሜትር ተተካ፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ በቫኪዩም ሁለት ጊዜ፣ ገበታው ተገልብጦ ከጀርባው መታ መታ ተደርጎ አንድ ጊዜ፣ ያልያዘው ሁሉ እንዲረግፍ ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን አክስል ላይ የተገኘው ጭረት የመጣው ይህ እርምጃ ስለታለፈ ነው።

ከቀዝቃዛ መኪና ወደ ሞቀ አዳራሽ ሲገባ ሌይአውቱ አሁን ሣጥኑ ሳይከፈት አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል፤ ቀድሞ ከተከፈተ ሐዲዱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ከዚያ ካሴቱ ይገባል፣ ሬዚስተሩ በስድስቱም ቦታ ሐዲዱ ላይ ይደረጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ከ7.5 ቮልት በታች ያሳየ ቦታ ካለ ብየዳው እንደገና ይታያል፤ ባቡሩ ከሣጥኑ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።